የሸመገለ ዜማ በሲኒማ ስለ መጻፉ

ድምፅ ከሰው ሥራ ሁሉ ይልቅ ፈጥኖ የሚያልፍ ነው። ድንጋይ የጠረበ ሰው ሥራው ከርሱ በኋላ ይቆማል፤ ብራና የጻፈ ሰው ቀለሙ ከጣቱ ይልቅ ዕድሜ አለው፤ ዘፋኝና ባለ መሣሪያ ግን ሥራቸውን በነፋስ ላይ ጽፈው፥ ሌሊቱ ሲነጋ ከሰሚው ልብ በቀር ሌላ መዝገብ ሳይተዉ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ አበው በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ሲሉ የተናገሩት ለታሪክና ለሕግ ብቻ ሳይሆን ለዜማም የሚሠራ ሆኖ ይገኛል።

ይህን ችግር ከሁሉ አስቀድመው ያስተዋሉት የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ናቸው። በ6ኛው መቶ ዓመት የተነሣው የቅዱስ ያሬድ ዜማ ለብዙ ዘመን ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ ሲተላለፍ ከኖረ በኋላ፥ በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት የዜማውን ምልክት ከቃሉ በላይ እየጻፉ ለትውልድ እንዳቆዩት ይነገራል። ምልክቱ ከተጻፈ ወዲህም መምህሩ አልተሻረም፤ ምልክት ያስታውሳል እንጂ ብቻውን አያስተምርምና፥ ድጓ ለመማር የሚሻ ደቀ መዝሙር እስከ ዛሬ ድረስ ወደ ቤተ ልሔም ወርዶ ከመምህሩ እግር ሥር ይቀመጣል። እንግዲህ የተጻፈው ምልክትና ሕያው መምህር እየተደጋገፉ አንድ ዜማ ለብዙ መቶ ዓመታት ሊኖር መቻሉ በዚህ አገር በተግባር የታየ ነገር ነው።

ዓለማዊው ዜማ ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ አላገኘም። አዝማሪው ሲሞት መሰንቆው በግድግዳ ላይ ይቀራል፤ ቃሉም ከሰሚዎቹ ጋራ ያረጃል። ይህ እጦት ባለፈው መቶ ዓመት በሸክላና በካሴት በጥቂቱ ተቃለለ፤ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚቀርጸው ሲኒማም ከዚህ የበለጠ ነገር ይዞ መጣ። ዛሬ ሊታሰብበት የሚገባው ጥያቄ ይህ መሣሪያ መኖሩ አይደለም፤ መሣሪያውን ማን፥ መቼ፥ በምን ሥርዓት ይሠራበታል የሚለው ነው። ጥያቄውም ከአዲስ አበባ አዳራሾች ይልቅ በአሰላና በአርሲ ደጋ ላይ አስቸኳይ ሆኖ ይታያል።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ የታወቀ ምሳሌ መመልከት ይበጃል። ዘመናዊው ሙዚቃ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በመንግሥት በር ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩስያው ንጉሠ ነገሥት የናስ መሣሪያዎችን ለዐፄ ምኒልክ ሰደዱ፤ በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን በጐበኙ ጊዜ ያገኟቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆችም ወደ አዲስ አበባ መጥተው በመምህራቸው በኬቮርክ ናልባንዲያን እየተመሩ የመንግሥት የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ የክብር ዘበኛ፥ የጦር ሠራዊት፥ የፖሊስ ሠራዊት፥ የማዘጋጃ ቤትና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ጓዶች በየተራ ተቋቋሙ። የናሱ መሣሪያ ከባሕር ማዶ የመጣ ቢሆንም፥ በውስጡ የሚነፋው እስትንፋስ ግን ቀስ በቀስ ያገር ልጅ እስትንፋስ ሆነ።

ከነዚህ ጓዶች ውስጥ ያደጉት አቶ ጌታቸው መኩርያ በ1927 ዓ.ም. በይፋት የተወለዱ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ክራርና መሰንቆ ሞክረው በ1940ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ወደ ማዘጋጃ ቤት ጓድ ገቡ፤ ኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ጓድ አገለገሉ። ስማቸውን ያስጠራው ግን ያገለገሉባቸው ቤቶች ብዛት አይደለም። ጀግና በጦር ሜዳና በግብር አዳራሽ የሚያሰማውን ሽለላና ፉከራ ከቃል አውጥተው በሳክስፎን መናገራቸው ነው። ቃል የሌለው መሣሪያ እንደ ፎካሪ ሲያጓራ፥ ሲቈጣ፥ ሲመለስና ዳግመኛ ሲነሣ የሰማ ሁሉ ተደንቋል። አቶ ጌታቸውም የአንበሳ ጐፈር ለብሰው በመድረክ ላይ ሲቆሙ፥ የሚነፉት ዜማና የለበሱት ልብስ አንድ ነገር ይናገሩ ነበር።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ይህ ሥራቸው በሸክላ ታተመ። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ግን ዘመኑ ተለወጠ፤ የሰዓት እላፊ ገደብ ሌሊቱን ዘጋው፤ ብዙ ጓዶች ተበተኑ፤ ከባለ ዜማዎቹ አንዳንዶቹ ተሰደዱ፤ አንዳንዶቹም መሣሪያቸውን ሰቅለው ሌላ ሥራ ያዙ። በሂልተን ሆቴል ለብዙ ጊዜ ሲጫወት የነበረው የዋልያስ ባንድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ፥ ከአባሎቹ ብዙዎቹ በዚያው ቀሩ። ከነርሱ አንዱ አቶ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ ለብዙ ዓመት ታክሲ እየነዱ ኖረው፥ የቀድሞ ሥራቸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 እንደገና በታተመ ጊዜ በሸመገሉበት ዕድሜ ወደ ዓለም መድረክ ተመልሰዋል። የተበተነ ጓድ እንደገና መሰብሰብ እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ ከሚሰበሰቡት ይልቅ የማይሰበሰቡት ይበዛሉ።

የአቶ ጌታቸው ሸክላ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003፥ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባሉት ፈረንሳዊ በሚያዘጋጁት ኢትዮፒክ በተባለው የሸክላ ተከታታይ ክፍል 14 ሆኖ እንደገና ታተመ። በሆላንድ አገር የሚገኝ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 የተቋቋመና ዘ ኤክስ የተባለ አንጋፋ የሮክ ጓድም ይህን ሰማ። የሮክ ሙዚቃ የኤሌክትሪክ ጊታርና ከበሮ የሚያስተጋባበት፥ ከፍ ባለ ጩኸት የሚታወቅ ነው፤ የዚህም ጓድ ወገን ፐንክ የሚባለው፥ ከሮክም ይልቅ ሻካራና ቍጡ የሆነው ነው። ጓዱ የ25 ዓመት በዓሉን ባከበረ ጊዜ የ69 ዓመቱን አዛውንት ወደ አምስተርዳም ጠራቸው። በዓሉ ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ አዛውንቱ ራሳቸው ጓዱ አጃቢያቸው ሆኖ ሸክላ እንዲያሠሩ ጠየቁት። እንዲህም ሆኖ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ሞዓ አንበሳ፥ በ2012 ደግሞ የአንበሳው ትዝታ የተባሉት ሥራዎች ወጡ። በብዙ አገር መድረኮች አብረው ቆሙ፤ በፈረንሳይ አገር ያደረጉት ትርኢትም በፊልም ተቀርጾ ለሕዝብ ቀረበ። በ2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በብሔራዊ ቴአትር፥ በወጣትነታቸው ባገለገሉበት በዚያው ቤት፥ የ65 ዓመት የሙዚቃ አገልግሎታቸው በትርኢት ተከበረላቸው። በመጋቢት ወር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ከዚህ ዓለም ተለዩ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ሦስት ነው።

አንደኛው፥ ሸክላና ሲኒማ አንድ ዓይነት መዝገብ አለመሆናቸው ነው። ሸክላ የፉከራውን ድምፅ ይይዛል፤ እስትንፋሱ በየት እንደሚቈረጥ፥ ጣቱ በየት እንደሚያርፍ፥ አዛውንቱ በምን ዓይነት ጥቅሻ ከበሮ መቺውን እንደሚጠሩት፥ ሰሚው ሕዝብ በምን ቦታ ላይ እንደሚነሣ ግን አይዝም። መምህር በሌለበት ለሚማር ሰው ደግሞ የሚያስፈልገው ይህ ነው። የዜማ ምልክት ለድጓ ተማሪ የሚሆነውን ያህል ሲኒማም ለባለ መሣሪያ ተማሪ ይሆናል፤ መምህሩን አይተካም፥ ነገር ግን ከመምህሩ ጋራ ሁሉ ነገር እንዳይቀበር ይጠብቃል።

ሁለተኛው፥ ሽማግሌ ባለ ዜማ የሚቀረጽበት ጊዜ አጭር መሆኑ ነው። አቶ ጌታቸው ከአውሮፓው ጓድ ጋራ የተገናኙት ሕይወታቸው ሊያልፍ 12 ዓመት ሲቀረው ነው። ያ ጓድ ከ12 ዓመት በኋላ ቢመጣ ኖሮ የሚያገኘው ሸክላውን ብቻ ነበር።

ሦስተኛው፥ ሥራው የተሠራው በባዕድ ገንዘብና በባዕድ ትጋት መሆኑ ነው። ይህን ለተቈርቋሪነት መነሻ ማድረግ አይገባም፤ የሰው ገንዘብ አክብሮ ለጠበቀ ሰው ምስጋና ይገባዋል እንጂ ወቀሳ አይገባውም። ነገር ግን ሲኒማው የሚቀመጠው ባሠራው ሰው አገር ነው፤ ምን እንዲቀረጽ የሚመርጠውም ያው ሰው ነው። ባዕድ ያልወደደው ዜማ ስለዚህ ብቻ ሳይቀረጽ ይቀራል።

አሁን ነገሩን ወደ አርሲ መመለስ ይገባል። አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጭላሎ ተራራ ጐን ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ተራራው ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ በስተ ደቡብም ካካ የተባለው ሌላው ተራራ በቆጂን ቍልቍል ይመለከታል። ይህ ደጋ በስንዴና በገብስ፥ በፈረስና በከብት፥ ይልቁንም በሯጮች በዓለም ሁሉ ታውቋል። ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የአሰላ አካባቢ ልጅ ነው፤ ደራርቱ ቱሉ፥ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከበቆጂ ወገን ናቸው።

ሲኒማ ምን እንደ ሆነ ይህ ደጋ አስቀድሞ አውቆታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ኃይሌ በአትላንታ ከተማ በ10,000 ሜትር ካሸነፈ በኋላ፥ የሕይወቱን ታሪክ የሚናገር ፊልም በባዕዳን ባለ ሙያዎች ተሠርቶ በ1999 ታየ። በ2012 ደግሞ የበቆጂን ወጣት ሯጮች የሚያሳይ ሌላ ፊልም፥ እርሱም በባዕዳን እጅ፥ ተሠርቶ ወጣ። ከመጀመሪያው ፊልም አንድ ትምህርት ይገኛል። ኃይሌ ልጅ ሳለ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ የቀረጸው ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ልጅነቱን ለማሳየት ሌላ ልጅ እንዲሮጥ ሆነ። ሩጫ ነውና ተቻለ፤ እግር በእግር ይተካል። የ80 ዓመት ሽማግሌ የሚያወጣው ጌራርሳ ግን በሌላ ሰው ሊታይ አይቻልም፤ ቃሉ፥ ድምፁ፥ ትዝታውና ማዕረጉ በአንድ ሰው ውስጥ ተሰብስቦ የሚኖር ነውና።

ጌራርሳ የሚባለው በኦሮምኛ ጀግንነትን፥ ዘርንና የኑሮን ገጠመኝ እያነሡ የሚያዜሙት የጀግና ዜማ ነው፤ ለአማርኛው ፉከራና ሽለላም እንደ ወንድም የሚቈጠር ነው። አቶ ጌታቸው ፉከራውን ወደ ሳክስፎን አሻግረው በአምስተርዳምና በፓሪስ ካሰሙት፥ የአርሲ ሽማግሌ ጌራርሳ በአሰላ እንኳ የሚገባውን መዝገብ ማጣቱ የሚያሳዝን ነገር ነው። ከጌራርሳ ሌላ የሴቶች ዜማ አለ። የአርሲ እናት ልጅዋን ስትድር ሲንቄ የተባለውን በትር ታስይዛታለች፤ ሴቶችም በደል በደረሰባቸው ጊዜ ይህን በትር ይዘው እያዜሙ ይወጣሉ፤ ጠብም በነርሱ መካከል መግባት ይበርዳል። ዝናብ ሲጠፋ፥ መካኒቱ ስትጨነቅ፥ ሴቶች ተሰብስበው የሚለምኑበት ዜማም አለ። ወደ ባሌው ድሬ ሼህ ሁሴን የሚጓዙ ምእመናን ባላ በትር ይዘው በመንገድ የሚያሰሙት ውዳሴም የዚህ ደጋ ዜማ ነው። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት መዝገብ ላይ ተጽፏል፤ ሥርዓቱ ሲጻፍ ግን ሥርዓቱን የሚያጅቡት ዜማዎች ሁሉ አብረው ተቀርጸዋል ማለት አይደለም።

እነዚህን ዜማዎች የሚያሳጣቸው ሞት ብቻ አይደለም፤ በጎ የሆነው እድገትም ያሳጣቸዋል። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአሰላ የተቋቋመው ካዱ የተባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አስተማረ፤ የእርሻ መኪናም በደጋው ላይ እየበዛ ሄደ። ዛሬ በብዙ የአርሲ የስንዴ ማሳ ላይ የሚያጭደውም የሚወቃውም ኮምባይነር ነው። ገበሬው በዚህ ከብዙ ድካም ድኗል፤ ይህን የሚቃወም አእምሮ የለውም። ነገር ግን አጫጆች በደቦ ተሰልፈው የሚቀባበሉት፥ በአውድማ ላይ በሬ እየነዱ የሚያዜሙት ዜማ የሥራው ጓደኛ ነበርና፥ ሥራው በመኪና ሲተካ ዜማው ሥራ ፈት ሆኖ ቀረ። ልጆቹ አልናቁትም፤ የሚያዜሙበት ምክንያት ነው የጠፋው። እንዲህ ያለውን ዜማ የሚያውቁት በጉልምስናቸው ያጨዱ ሽማግሌዎች ናቸው፤ እነርሱም በየዓመቱ ይቀንሳሉ።

በዚህ ላይ የሚነሡ መቃወሚያዎች አሉ፤ ሰውን ሳይንቁ መመለስም ይገባል።

ከካህናት ወገን የሚነሣው መቃወሚያ፥ ዘፈን ለነፍስ የሚጠቅም ባለመሆኑ ለመጠበቁ መድከም ከንቱ ነው የሚል ነው። ይህን ቃል ማቃለል አይገባም፤ መዝሙርና ዘፈን አንድ አለመሆናቸው የታወቀ ነው። ነገር ግን መመዝገብ ማለት ማጽደቅ አይደለም። የቀድሞ ጸሐፍት የነገሥታትን ድልና ውድቀት፥ በጎውንና ክፉውን፥ በየዜና መዋዕሉ የጻፉት ክፉውን ሊያስመስሉ ሳይሆን ነገሩ እንዲታወቅ ነው። እረኛው ዳዊትም በገና በመደርደር በቤተ መንግሥት የታወቀው ንጉሥ ከመሆኑ አስቀድሞ ነው። ይልቁንም ሕዝቡን የሚያስተምር ካህን ሕዝቡ በደስታውና በኀዘኑ የሚለውን ቢያውቅ ትምህርቱ ይቀናል። ዜማው የሌላ እምነት ሥርዓት በሆነ ጊዜ ደግሞ፥ ይቀረጽ አይቀረጽ የሚለውን የሚወስኑት የዚያ ሥርዓት ባለቤቶች ናቸው። ለዓይን ያልተፈቀደ ነገር አለና፥ አይሆንም ቢሉ ቃላቸው ሊከበር ይገባል።

ከመሥሪያ ቤት ሰዎች የሚነሣው መቃወሚያ የገንዘብ ነው። መንገድና ክኒን፥ ትምህርት ቤትና ውኃ ሳይሟሉ ስለ ዘፈን ገንዘብ ማውጣት ይገባልን ይባላል። ጥያቄው በጎ ነው፤ መልሱም ሥራው ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ መሆኑ ነው። ድሮ አንድ ፊልም ለማንሣት የሚያስፈልገው ብዙ መኪናና ብዙ ባለ ሙያ ዛሬ በአንድ ሰው ከረጢት ውስጥ ይገባል። ለአንድ ጉባኤ የሚወጣው የአዳራሽና የውሎ አበል ወጪ ብዙ ሽማግሌዎችን በቤታቸው ደጅ ቀርጾ ለመመለስ ይበቃል። የጐደለው ገንዘብ ሳይሆን የሥራው ባለቤት ነው።

ከወጣቶች የሚነሣው ሦስተኛው መቃወሚያ ከሁሉ የሚያሳስት ነው። ሁሉ ሰው በስልኩ ይቀርጻል፥ ስለዚህ የጠፋ ነገር የለም ይላሉ። በጥር ወር 2017 ዓ.ም. አንጋፋው ድምፃዊ አቶ ማሕሙድ አሕመድ በአዲስ አበባ በሚሌኒየም አዳራሽ የመሰናበቻ ትርኢታቸውን አድርገዋል፤ በመርካቶ ተወልደው ጫማ በመጥረግ ኑሮን የጀመሩት፥ በኋላም በኢቤክስ ባንድ አጃቢነት የሠሩት ሥራ ባሕር የተሻገረላቸው ባለ ዜማ በ80ዎቹ ዕድሜያቸው ሕዝቡን ተሰናበቱ። እንዲህ ባለው ትርኢት ላይ የሚቀረጸው ቍርጥራጭ ሥዕል እንደ አሸዋ ይበዛል፤ ነገር ግን አሸዋ ቤት አይሆንም። የተቀረጸበት ቀን ያልተጻፈበት፥ የመሣሪያ ተጫዋቾቹ ስም የማይታወቅ፥ ዜማው ከመካከሉ የተቈረጠ ሥዕል ከ30 ዓመት በኋላ ለሚያየው ሰው ማን ምን እንዳደረገ አይነግረውም። ስልኩ ሲጠፋና ሲሰበርም አብሮ ይጠፋል። መብዛት ከመጥፋት አያድንም።

እንግዲህ በምን ሥርዓት ይሠራ ቢባል፥ ሥርዓቱን ከሩቅ አገር መፈለግ አያስፈልግም፤ በገዳማት ዕቃ ቤት ውስጥ ይገኛል። የብራና ጸሐፊ መጽሐፉን በፈጸመ ጊዜ በመጨረሻው ገጽ ላይ ስሙን፥ ያስጻፈውን ሰው ስም፥ ዘመኑንና ቦታውን ጽፎ፥ መጽሐፉን የሰረቀና የፋቀ ሰው እንዳይኖር አውግዞ ይዘጋዋል። ብራናውም ሳያረጅ ሌላ ጸሐፊ ይገለብጠዋል። በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የተጻፉ መሆናቸውን የዘመናችን ሊቃውንት በምርመራ ገልጸዋል፤ እስከ ዛሬ የቆዩት የብራናው ጥንካሬ ብቻ ረድቷቸው አይደለም፤ በየዘመኑ የጠበቃቸው ሰው ስላልታጣ ነው። ሲኒማ ከብራና ይልቅ ደካማ ነው። ካሴትና የቪዲዮ ክር በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ ይበላሻል፤ ከ20 ዓመት በፊት በየቤቱ የነበረው የዲስክ ማጫወቻ ዛሬ ከብዙ ቤት ጠፍቷል። ስለዚህ የተቀረጸ ሁሉ ተጠበቀ ማለት አይደለም፤ በየጊዜው ወደ አዲስ ዕቃ የሚገለብጠው ሰው ያስፈልገዋል።

በዚህ መሠረት በአሰላ ሊሠራ የሚገባው ሥራ ግልጽ ነው። የዞኑ የባህል መሥሪያ ቤት በየወረዳው ያሉትን ሽማግሌዎችና እናቶች፥ በየከተማው የሚኖሩትን የቀድሞ የኪነት ቡድን አባሎችና መሣሪያቸውን የሰቀሉ ባለ ዜማዎች ስም ይመዝግብ፤ ከሁሉ አስቀድሞም በዕድሜ የገፉትን ያስቀድም። የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ኦሮምኛውን አጥርተው የሚያውቁ፥ የሚጽፉና የሚተረጕሙ ተማሪዎችን ይስጥ። የተበተኑ ባለ መሣሪያዎች ቢቻል አንድ ቀን በአንድ አዳራሽ ይሰብሰቡ፤ ሽማግሌ ባለ መሣሪያ ብቻውን ሲጠየቅ የረሳውን ጓደኛው አጠገቡ ሲጀምር ያስታውሰዋልና። ቀራጩም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቈርጥ ይቅረጽ፤ ፊትን ብቻ ሳይሆን እጅን፥ ዘፋኙን ብቻ ሳይሆን ተቀባዩን ያሳይ። በሥዕሉ መጨረሻም እንደ ብራናው ሁሉ የባለ ዜማው ስም፥ የተወለደበት ቦታ፥ ዜማውን ከማን እንደ ተማረ፥ ዕለቱና ቀራጩ ይጻፍ።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ሊዘነጉ አይገባም። አንደኛው የባለ ዜማው መብት ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙ በሥራው ላይ መብት ሰጥቶታል፤ ሽማግሌ ማንበብ ባይችል መብቱ አይቀርበትም። የሚፈርመው ወረቀት በቋንቋው ይነበብለት፤ ለድካሙም ተገቢው ይከፈለው፤ የተቀረጸውም አንድ ቅጂ ለቤተ ሰቡ ይሰጥ። ክብርን በጭብጨባ ብቻ መክፈል የቀድሞ ባለ ዜማዎችን ብዙ ጊዜ የጐዳ ልማድ ነው። ሁለተኛው የመዝገቡ ቦታ ነው። አንዱ ቅጂ በአሰላ፥ ሌላው በአዲስ አበባ በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ በአንድ ቤት ብቻ የተቀመጠ ነገር አንድ እሳት ይበቃዋልና።

ይህን ሥራ ለሚመጣው ዓመት ማሳደር ቀላል ሆኖ ይታያል፤ መዝገብ ይጠብቃል፥ በጀት ይጠብቃል፥ ደብዳቤም በሣጥን ውስጥ ይጠብቃል። የማይጠብቀው ሽማግሌው ነው። የይፋቱ ሰው ፉከራ በሳክስፎን ሲያጓራ ዛሬም ለሚያይና ለሚሰማ ሰው የቀረው በጊዜው የደረሰ እጅ ስለ ተገኘ ነው። በጭላሎ ሥር ተቀምጦ የልጅነት ጌራርሳውን ለልጅ ልጆቹ የሚያሰማው አዛውንትም እንዲህ ያለ እጅ ይገባዋል። እርሱ ድርሻውን ፈጽሟል፤ ከአባቱ የተቀበለውን እስከ እርጅናው ድረስ ተሸክሞ አምጥቷል። የቀረው የሚቀበለው ሰው ድርሻ ነው።